ከዕብ ኢብኑ ማሊክ፦ ዘማቹ ገጣሚና ያልተናገረው ውሸት





በቅዳሜ ደርሳችን የተቡክን ዘመቻ ስናነብ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ከ80 በላይ ሰዎች ዋሽተው ቤታቸው ገቡ፤ ማንም ምንም አላላቸውም። እውነቱን የተናገሩት ሦስቱ ግን 50 ቀን ተቀጡ። ታዲያ እውነት መናገራቸው ምን ጠቀማቸው?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምንሰማው መጨረሻውን ይዘን፣ አላህ ይቅር እንዳላቸው አስቀድመን እያወቅን ነው። ልጁ ግን መሀሉ ላይ ቆሞ ጠየቀ። ሰዎቹም እነዚያን 50 ቀናት የኖሩት መጨረሻውን ሳያውቁ ነበር።

ለመመለስ ከሦስቱ አንዱን፣ ታሪኩን ራሱ የተረከልንን ሰው፣ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ከተቡክ የቀረው ሰሓባ» ተብሎ ብቻ ነው። እሱ ግን ተቡክ ሲመጣ ለዓመታት የዘመተ፣ ገላው ላይ የኡሑድ ጠባሳ ያለበት ሰው ነበር። በዚያ ላይ ገጣሚ ነበር። ገጣሚነቱን ከረሳነው ታሪኩ ግማሹ ያመልጠናል፤ የልጁም ጥያቄ መልስ ያለው እዚያው ነው።

ስሙ ቀድሞት መካ የደረሰ ሰው

ከዕብ የመዲና ሰው ነው፤ ከኸዝረጅ ጎሳ፣ ከበኑ ሰሊማ ወገን። እ.ኤ.አ. በ622፣ ከሂጅራ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ለሐጅ ከሚሄዱ የአገሩ ሰዎች ጋር መካ ገባ። ሰልሟል፤ ግን ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ከሽማግሌው ከአል-በራእ ኢብኑ መዕሩር ጋር ሆኖ እያጠያየቀ ሲፈልጋቸው ከአጎታቸው ከዐባስ ጋር መስጂድ ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። ዐባስን ግን ያውቁታል፤ ለንግድ መዲና ይመላለስ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱን ሰዎች ታውቃቸዋለህ ወይ ብለው ዐባስን ጠየቁት። እሱም አንደኛው የወገኖቹ አለቃ አል-በራእ፣ ሌላኛው ከዕብ ኢብኑ ማሊክ መሆኑን ነገራቸው። የከዕብን ስም ሲሰሙ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገጣሚው ነው ወይ አሉ። ዐባስም አዎ አለ።

ከዕብ ይህችን አጭር ጥያቄ ፈጽሞ እንደማይረሳት ተናግሯል። አንድ ሰው ሊያገኛቸው ከሚጓጓላቸው ሰዎች ሁሉ ትልቁን ሲያገኝ፣ እኚያ ሰው በሥራው ሲያውቁት ምን እንደሚሰማው ገምቱ።

ከዚያ በኋላ በዐቀባ 73 ወንዶችና 2 ሴቶች በሌሊት ተሰብስበው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠብቁ ቃል ሲገቡ ከዕብ አንዱ ነበር። በድር ላይ አልተገኘም። መጀመሪያ የተወጣው ለጦርነት ሳይሆን ለቅፍለቱ ስለነበረ በቀረ ሰው ላይ ወቀሳ አልነበረም። ሰዎች በድርን የበለጠ ቢያወሩለትም እሱ ግን የዐቀባን ሌሊት በበድር እንደማይለውጣት ይናገር ነበር።

በዚያ ዘመን በዐረቦች ዘንድ ገጣሚ ማለት የጎሳው ቃል አቀባይ፣ ጠበቃና ታሪክ ጸሐፊ ባንድ ላይ ነው። ቤተሰቦቻችሁ ገጠር ያደጉ ከሆነ ሽለላና ፉከራ ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። አንድ ሰው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ የወገኑ ደም ይሞቃል፤ ተቃራኒው ደግሞ ይሸማቀቃል። ተዋርዶ የተገጠመበት ሰው ስንኟ ከልጅ ልጁ ጋር ትኖራለች። ታዲያ ፎካሪ ማጋነን ይፈቀድለታል። አንድ ጥሎ ዐሥር ጣልኩ ቢል ገዳዩን የሚቆጥርበት የለም፤ ይጨበጨብለታል እንጂ። ዐረቦችም ከግጥም የሚጣፍጠው ይበልጥ የሚዋሸው ነው የሚል አባባል ነበራቸው። ይህን አባባል ያዙልኝ።

ሦስቱ ገጣሚዎች

የመካ ሙሽሪኮች በግጥም ሲያጠቁ ለሙስሊሞች መልስ የሚሰጡት ሦስት የመዲና ሰዎች ነበሩ፤ ሐሳን ኢብኑ ሳቢት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓና ከዕብ ኢብኑ ማሊክ። ታቢዒዩ ኢብኑ ሲሪን ሥራቸውን ከፋፍሎ አስቀምጦታል። ሐሳን የተቃዋሚዎቹን የዘር ሐረግና ነውራቸውን ይነካል። ዐብዱላህ በክህደታቸው ይወቅሳቸዋል። የከዕብ ግጥም ግን የጦር ሜዳ ግጥም ነው፤ እንመጣለን፣ እንዲህም እናደርጋለን ብሎ ያስፈራል። የደውስ ጎሳ ከዕብ የተናገራትን ስንኝ ሰምቶ ተራው እንዳይደርሰው በመስጋት እንደሰለመም ተዘግቧል። አንድ ጎሳ በአንዲት ስንኝ! ዛሬ አንድን መልእክት ሺህ ጊዜ የሚያጋራ ሰው እንዲህ ያለ ኃይል የለውም።

እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ያለው ሰው ግን ቁርኣን ስለ ገጣሚዎች ሲናገር ልቡ ሊርድ ይገባል። በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ መጨረሻ (26፡224-227) አላህ ገጣሚዎችን የሚከተሏቸው ጠማሞች እንደሆኑ፣ በየሸለቆው እንደሚዋልሉ፣ የማይሠሩትንም እንደሚናገሩ ይገልጻል። ከዚያ ይለያል፤ ያመኑት፣ መልካም የሠሩት፣ አላህን በብዛት ያወሱትና ከተበደሉ በኋላ ራሳቸውን የተከላከሉት ከዚህ ወቀሳ ውጪ ናቸው። ከዕብ ስለዚህ ጉዳይ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቋል። የተሰጠውም መልስ ሙእሚን በሰይፉም በምላሱም እንደሚታገል፣ የእነሱ ቃል በጠላት ላይ እንደ ቀስት ውርጅብኝ እንደሚያርፍ የሚገልጽ ነበር።

እንግዲህ ወቀሳው ስለ ቤት መምታትና ስለ ዜማ አይደለም። ከወቀሳዎቹ መካከል አንዷ፣ የማይሠሩትን መናገር የምትለዋ፣ የከዕብን ሕይወት ሁለት ቦታ ላይ ትነካለች። አንደኛው ኡሑድ ነው፤ ሁለተኛው ተቡክ።

በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 625) ኡሑድ ላይ ውጊያው በሙስሊሞች ላይ ሲዞር፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተገደሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ሰዉ ተበታተነ። በዚያ ትርምስ መሀል በሕይወት መኖራቸውን መጀመሪያ የለየው ከዕብ ነበር። ከራስ ቁሩ ሥር ሲያበሩ ያያቸው ዓይኖቻቸው ናቸው ያስታወቁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሙስሊሞች ሲያበስር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝም እንዲል በእጃቸው ጠቆሙት፤ ጠላት እንዳይሰማ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በዚያ ቀን ከዐሥር በላይ ቁስል ገላው ላይ አርፏል። በኋላ ለሐምዛ (ረ.ዐ) የሐዘን ግጥም ሲገጥም የገጠመው በሩቅ ለሰማው ሳይሆን ራሱ በተዋጋበት ሜዳ ለወደቀ ሰው ነው። የማይሠራውን የሚናገር ገጣሚ አልነበረም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሙእታ ላይ ሦስት አዛዦች ተከታትለው ሲወድቁ ከነሱ አንዱ የግጥም ባልደረባው ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ ነበር። ሌላው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ነው። ጀዕፈርን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። አገራችን ሐበሻ ውስጥ በነጃሺ ፊት ቆሞ፣ የስደተኞቹ ሁሉ ዕጣ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ በተንጠለጠለችበት ሰዓት፣ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) እምነቱን ሳያለሳልስ የተናገረው ጀዕፈር ነው። ከዕብ ለሙእታ ሰማዕታት የገጠመው የሐዘን ግጥም በሲራ መጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል፤ ጀዕፈርንም ያወሳበታል። ለንጉሥ እውነት የተናገረውን ሰው ያለቀሰለት ገጣሚ የራሱ ተራ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ጥላው

በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ዘመቻ ጠሩ። መንገዱ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠላቱ የሮም ኃይል ነው፤ ወቅቱ ሐሩር ነው። ፍሬው ደርሷል፤ ጥላው ይጣፍጣል። ሌላ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚዘምቱበትን ቦታ ይሰውሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሰው እንዲዘጋጅ በግልጽ ተናገሩ። የዘማቹ ብዛት በመዝገብ የሚያዝ አልነበረም፤ የሲራ ጸሐፊዎች 30 ሺህ ያደርሱታል። ወሕይ ካልወረደ በቀር አንድ ሰው ቢቀር ማንም የሚያውቅበት አልነበረም።

ከዕብ ይህን ክፍል ሲተርክ ለራሱ ምንም አያዳላም። ታምሜ ነበር አይልም፤ ደኽይቼ ነበር አይልም። እንዲያውም በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ጠንካራና ሀብታም ሆኖ እንደማያውቅ፣ ከዚያ በፊት ሁለት መጓጓዣ ኖሮት እንደማያውቅ፣ ያኔ ግን ሁለት ግመል እንደነበረው ይነግረናል። ጥላውና ፍሬው ልቡን እንደሳቡትም አልደበቀም። በየማለዳው ስንቁን ሊያሰናዳ ይወጣል፤ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል። በፈለግኩ ሰዓት እችላለሁ ይላል ለራሱ። ጦሩ ወጣ። ነገ እደርስባቸዋለሁ አለ። ነገም እንዲሁ ሆነ። እየራቁ ሄዱ፤ ያኔም ቢሆን ለመከተል ያስብ ነበር። ምነው ባደረግኩት ይላል በኋላ፤ አልሆነለትም።

ይህን ሳነብ ሁሌም የምገረመው ክፉ ሐሳብ አለመኖሩ ነው። አልዘምትም ብሎ አልወሰነም። ዛሬ ነገ ብቻ ነው ያለው። የቤት ሥራውን እሑድ ማታ ድረስ የሚያቆይ፣ ሰላቱን ወቅቱ ሊወጣ ሲል የሚሰግድ ሰው ይህን አካሄድ በደንብ ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ውጪ ሲወጣ የሚያያቸው ሰዎች አሳዘኑት። በመዲና መንገድ ላይ የቀሩት በኒፋቅ የሚታሙ ሰዎች ወይም አላህ ዐቅም የነሳቸው ደካሞች ነበሩ። ሰዎችን ለጦር ሲቀሰቅስ የኖረ፣ ጎሳዎችን በቃሉ ያስፈራ ገጣሚ ከነሱ መሀል ቆሟል። አሁን በእውነት የማይሠራውን የተናገረ ገጣሚ ሆኖ ነበር።

ተቡክ ላይ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዕብ የት እንዳለ ጠየቁ። ከገዛ ወገኑ ከበኑ ሰሊማ አንድ ሰው፣ ልብሱና ጎን ጎኑን እያየ በራሱ መደነቁ አስቀረው አለ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ወዲያው ተቆጣው፤ ከከዕብ ከመልካም በቀር እንደማያውቁ መሰከረ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዕብ በዘመኑ ሰው ስም ጠርቶ ማዋረድ የሚችል ገጣሚ ነው። ከእሱ በደረሰን ዘገባ ግን ያማውን ሰው ስም አናገኝም፤ የተሟገተለትን የሙዓዝን ስም ግን እናገኛለን።

80 ሰዎችና አንድ ገጣሚ

ጦሩ መመለሱ ሲሰማ ከዕብ ውሸት ማዘጋጀት ጀመረ። ይህንንም ራሱ ነው የነገረን። ነገ ከቁጣቸው በምን እወጣለሁ እያለ ያስባል፤ ከቤተሰቡ አስተያየት ያላቸውን ሁሉ ያማክራል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደረሱ ሲባል ግን ያሰናዳው ሁሉ ከልቡ ጠፋ። ውሸት ባለበት ነገር እንደማይድን ታወቀውና እውነቱን ለመናገር ቆረጠ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ እንደልማዳቸው መስጂድ ገብተው ሁለት ረከዐ ሰገዱና ለሰዉ ተቀመጡ። ከዘመቻው የቀሩት ከ80 በላይ ሰዎች እየመጡ ምክንያት ደረደሩ፤ ማሉም። ላይ ላዩን ተቀበሏቸው፤ ምሕረት ለመኑላቸው፤ የውስጣቸውን ለአላህ ተዉት። ከዕብ መጥቶ ሰላም ሲል የተቆጣ ሰው ፈገግታ ፈገግ አሉለት። ቀርቦ ፊታቸው ተቀመጠ። ምን እንዳስቀረው፣ መጓጓዣውን ገዝቶ እንዳልነበር ጠየቁት።

የከዕብ መልስ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ከዓለም ሰዎች ከሌላ ከማንም ፊት ቢቀመጥ ኖሮ ምክንያት አቅርቦ ከቁጣው ይወጣ ነበር፤ የመከራከር ችሎታ ተሰጥቶታልና። ግን ዛሬ ዋሽቶ ቢያስደስታቸው አላህ ነገ እንዲቆጡበት ያደርጋል። እውነቱን ቢናገር ዛሬ ይቆጡበታል፤ ከአላህ ግን መጨረሻውን ተስፋ ያደርጋል። ምክንያት አልነበረውም። ይኸው ነው።

ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ሰው እውነት መናገሩን መሰከሩለት፤ አላህ እስኪፈርድበትም ተነስቶ እንዲሄድ አዘዙት።

እነዚያ 80 ሰዎች ውስጥ እንደ ከዕብ አንደበተ ርቱዕ የነበረ ይኖራል ብዬ አላስብም። ተራ ምላስ ይዘው ከዳኑ እሱ ምን ያህል ያማረ ምክንያት ሊያቀርብ ይችል እንደነበር አስቡ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ አባባል እዚህ ጋ ይመጣል። የሚጣፍጥ ግጥም የሚዋሽ ከሆነ፣ በዚያ ቀን መዲና ውስጥ ከሁሉ የሚጣፍጥ ውሸት ይዞ መቅረብ የሚችለው እሱ ነበር። ሙያውን አውቆ ትቶት ገባ።

እናንተ ወጣቶች ይህን ከወላጆቻችሁ በተሻለ የምትረዱት ይመስለኛል። ብዙዎቻችሁ በሁለት ቋንቋ ያደጋችሁ፣ ከስምንት ዓመታችሁ ጀምሮ ለእናታችሁ ሐኪም ቤት፣ ለአባታችሁ መሥሪያ ቤት ያስተረጎማችሁ ናችሁ። ከመምህራችሁና ከወላጃችሁ መሀል ተቀምጣችሁ የመምህሩን ወቀሳ ወደ ሙገሳ ለውጣችሁ የተረጎማችሁበት ቀን ካለ እጃችሁን አታውጡ፤ ግን ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ቃሉ ሁሉ በእጃችሁ ነበር፤ ማንም አያጣራባችሁም። ከዕብም የተቀመጠው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከፊቱ ያሉት ሰው ወሕይ የሚወርድላቸው መሆናቸውን አለመዘንጋቱ ነው።

ሲወጣ ወገኖቹ ተከትለው አንዲት ምክንያት ማቅረብ አቅቶህ ነው ወይ እያሉ ወቀሱት። ወቀሳው ስለበዛ ተመልሶ የተናገረውን ሊያስተባብል ምንም አልቀረውም ነበር። እንደሱ የተናገረ ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሙራራ ኢብኑ ረቢዕና ሂላል ኢብኑ ኡመያ መኖራቸውን ሲሰማ ጸና። ሁለቱ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ብቻውን ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? እሱም አልነገረንም።

50 ሌሊት

ሙስሊሞች ሦስቱን እንዳያናግሩ ታዘዙ። ምድር ተለወጠችበት፤ የሚያውቃት መዲና አልሆነችም። ሁለቱ ባልደረቦቹ ቤታቸው ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ከዕብ ከነሱ ወጣትና ጠንካራ ስለነበር ይወጣል፤ ከጀማዓ ጋር ይሰግዳል፤ ገበያ ይዞራል፤ የሚያናግረው የለም። ከሰላት በኋላ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላምታ ያቀርባል፤ ከንፈራቸው ለመልስ ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም እያለ ያያል። አጠገባቸው ቆሞ ሲሰግድ በስርቆት ያያቸዋል። እሱ ወደ ሰላቱ ሲመለስ ያዩታል፤ ዞር ሲል ፊታቸውን ይመልሳሉ። ይህን ያየ ዓይን የገጣሚ ዓይን ነው። ስለ ከንፈር እንቅስቃሴ መናገር ስለ ሐዘን ብዛት ከመናገር የበለጠ ያስረዳል።

አንድ ቀን ሲብስበት የአጎቱን ልጅ፣ እጅግ የሚወደውን የአቡ ቀታዳን የአትክልት አጥር ዘሎ ገባ። ሰላም አለው፤ አልመለሰለትም። አላህንና መልእክተኛውን እንደምወድ ታውቃለህ ወይ ብሎ በአላህ ስም ጠየቀው። ዝም አለ። ደገመው። ዝም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀው፣ አላህና መልእክተኛው ያውቃሉ የሚል መልስ ብቻ ሰጠው። የከዕብ ዓይኖች እንባ ሞሉ፤ አጥሩን ዘሎ ተመለሰ።

በዚሁ ጊዜ ከሻም እህል ሊሸጥ የመጣ ነበጢ ገበያ መሀል እየዞረ ከዕብን ሲያፈላልግ ሰዎች በእጃቸው ጠቆሙት። የገሳን ንጉሥ ደብዳቤ ይዟል። ወዳጅህ እንዳራቀህ ሰምተናል፤ ለውርደት የተፈጠርክ አይደለህም፤ ወደኛ ና፤ እናከብርሃለን የሚል መልእክት ነው። ንጉሥ ገጣሚ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ምላሱን ለማስከራየት ነው። ከዕብ ይህም ሌላ ፈተና መሆኑን ተረዳ፤ ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጣለው። በቀዝቃዛ ጊዜ የሚያቅፈው አካባቢ የሚፈልግ፣ ከመስጂድ ሰዎች ባገኘው ኩርፊያ የተነሳ ሌላ በር ሲከፈትለት ልቡ የደነገጠ ወጣት ካለ ይህችን ደብዳቤ ደጋግሞ ያንብባት።

ከ40 ሌሊት በኋላ ደግሞ ከሚስቶቻቸው እንዲለዩ ታዘዙ። ከዕብ ሚስቱን ወደ ቤተሰቧ ላካት። በ50ኛው ንጋት ፈጅርን በቤቱ ጣሪያ ላይ ሰግዶ፣ ነፍሱ ጠባ፣ ምድር ከነስፋቷ ጠባው ሳለ፣ ከሰልዕ ተራራ አናት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያበስረው ሰው ሰማ። ሱጁድ ወረደ።

ብሥራቱ የወረደው በሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ቤት ሳሉ ነበር። እሷም በወጣትነቷ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ናት። የከዕብ ጉዳይ ያሳስባት፣ መልካም ትመኝለት ነበር። ያኔውኑ ሰው ልኬ ላብስረው ወይ ብላ ጠይቃለች፤ ሰዉ መጥቶ እንቅልፍ እንዳይነሳ እስከ ንጋት ቆየ። ተሰዶ የሚያውቅ ሰው ምድር ለጠበበው ሰው ቶሎ ይራራል ብዬ አስባለሁ።

አብሳሪው ሲደርስ ከዕብ የለበሰውን ሁለት ልብስ አውልቆ ሰጠው፤ በዚያን ቀን ሌላ ልብስ ስላልነበረው ተውሶ ለበሰ። መስጂድ ሲገባ ጦልሓ ኢብኑ ዑበይዲላህ እየሮጠ መጥቶ ጨበጠው። ከሙሃጂሮች ሌላ የተነሳ እንዳልነበረና ይህን ለጦልሓ እንደማይረሳለት ይናገር ነበር። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ሲደሰቱ እንደሚያበራው እንደ ጨረቃ ቁራጭ ያበራ ነበር።

ወደ ልጁ ጥያቄ

ምንም አልተባሉም ስላልናቸው ሰዎች አላህ በሱረቱ አት-ተውባህ (9፡94-96) ተናግሯል። እንድትተዋቸው ይምሉላችኋል፤ ተዋቸውም አለ። እናንተ ብትወዱላቸውም አላህ አመጸኞችን እንደማይወድ ገለጸ። አባት የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ አይቶ ያልፋል፤ የራሱን ልጅ ግን ቁጭ አድርጎ ያናግረዋል። 80ዎቹ የታለፉት እንዲህ ነው። ከዕብ ግን ከቁጣው ሥር ፈገግታ አየ፤ ከዝምታው ሥር የሚከተለው ዓይን ነበረ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ኩርፊያ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ የሆነ ልዩ ጉዳይ ነው። በግል ጠብ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድ እሳቸው ራሳቸው አስተምረዋል። ልጁን ለወራት የሚያኮርፍ ወላጅ የከዕብን ታሪክ መረጃ አድርጎ አያምጣብን።)

ሦስቱን የሚመለከተው አንቀጽ (9፡118) «ኹሊፉ» የሚል ግስ ይጠቀማል። ብዙ ሰው «ከዘመቻ የቀሩት» ብሎ ይረዳዋል። ከዕብ ግን እንዲህ አይደለም ይላል። መቅረታችንን ሳይሆን ጉዳያችን መዘግየቱን ነው የሚናገረው፤ የማሉት ሰዎች ወዲያው ሲሸኙ የእኛ ነገር ወደ ኋላ ተብሎ እስኪፈረድ ቆየ ይላል። ዕድሜውን ሁሉ ቃል ሲመዝን የኖረ ሰው ነውና ግሱን በትክክል ያዘው። በእሱ አነባብ አንቀጹ በደለኞች ብሎ ስም አላወጣላቸውም፤ የተጠበቁ፣ ጉዳያቸው ለሌላ ችሎት የተቀጠረ ሰዎች አደረጋቸው። ቀጣዩ አንቀጽ (9፡119) ምእመናን ሁሉ ከእውነተኞች ጋር እንዲሆኑ ያዛል። 80ዎቹ የት እንደገቡ ዛሬ የሚያወራ የለም።

ከዕብ ከሀብቱ የኸይበሩን ድርሻ ብቻ አስቀርቶ ሊሰጥ ወሰነ፤ በሕይወት እስካለም ከእውነት በቀር ላይናገር ቃል ገባ። አላህ ወደ ኢስላም ከመራው በኋላ ከዚያ ቀን እውነት የሚበልጥ ጸጋ እንዳልሰጠው ያምን ነበር። ሰውን ለሃይማኖቱ ገንዘብና ክብር መጎምጀት፣ በመንጋ ውስጥ ከተለቀቁ ሁለት የተራቡ ተኩላዎች በላይ እንደሚያጠፋው የሚገልጸውን ሐዲስ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተላለፈልን እሱ ነው። ሁለት ግመል ይዞ በጥላ ሥር የተቀመጠው ሰው ይህን ሐዲስ ሲያወራ አድማጩ ዝም ብሎ የሚያልፈው አይመስለኝም።

በሙዓዊያ ዘመን አርጅቶ ዓይኑ ጠፋ። ከልጆቹ ዐብዱላህ እጁን ይዞ ይመራው ነበር። ከቡኻሪ ረጃጅም ሐዲሶች አንዱ የሆነው የተቡክ ትረካ የደረሰን በዚህ ልጅ በኩል ነው። ግጥሞቹ ብዙዎች ናቸው፤ ከሁሉ የታወቀለት ሥራው ግን ቤት የማይመታ፣ ያላጋነነበት፣ ራሱን ያላስዋበበት ይህ ትረካ ሆነ። የመሪው ልጅ መንገድ ላይ እጁን ይዞት ሲሄድ ስንት ጊዜ እንደሰማው እንጃ።

ዐብዱረሕማን የተባለ ልጁም ይመራው ነበር። አባቱ የጁሙዓ አዛን በሰማ ቁጥር ለአስዐድ ኢብኑ ዙራራ ምሕረት ሲለምን ስለሚሰማ አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቀው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይመጡ በፊት መዲና ውስጥ መጀመሪያ ጁሙዓ ያሰገደን እሱ ነው አለው። ያኔ ስንት ነበራችሁ ብሎ ሲጠይቀው፣ አርባ አለ ሽማግሌው።